ቆረጥኩት ያልኩዎት ፓጋትፓት

ውድ ናናይ ኦዲንግ፣

ሴቡ ከተማ ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ በደወሉ ቁጥር «ጫካዬ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ዋሸሁዎት። መንደሩ ሁሉ «በድንጋጤ ይሞቱብናል፣ እንዳትነግሪያቸው» ስላለኝ ነው። ትናንት ግን ደውለው ለሰኔው ተከላ የባካው ዛፍ ዘር እንድንሰበስብ ሲያዙን መዋሸት አቃተኝ። ናናይ፣ የባህር ዳሩ ጫካዎ ሞቷል።

ከሁለት ዓመት በፊት የመታን አውሎ ነፋስ ቅጠሉን ብቻ የገፈፈው መስሎን ነበር። ያቆጠቁጣል ብለን ስንጠብቅ ያ ድርቅና ሙቀት ተከተለ። ሃያ ዓመት እርስዎ እየመሩን በመስመር የተከልነው ባካው ከዳር እስከ ዳር እንደቆመ ደርቋል። አንድ አረንጓዴ ቅጠል ፍለጋ ግማሽ ቀን ተንከራትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የባሰው ከስር ነው። የጭቃውን ከፍታ ለማወቅ የተከልነውን፣ በጭቃው ልክ ቀይ ቀለም የቀባነውን የብረት ዘንግ ያስታውሳሉ? «ዛፉ ካየር የወሰደውን ካርቦን ስሩ እዚህ ይቀብረዋል፤ ጎተራችን ጭቃው ነው» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ባህሩ ሲሸሽ ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ከጭቃው አራት ጣት ከፍ ብሏል። ዘንጉ የወጣ መስሎኝ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። የወረደው መሬቱ ነው! ስሮቹ በስብሰዋል፤ ስንት ዘመን የተቀበረው ካርቦን ከፊሉ ወደ አየር፣ ከፊሉ ወደ ባህር እየሄደ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሸርጣን አጥማጁ ኖንግ ቴዮ አይቶኝ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው? ሸርጣን ነከሰሽ እንዴ?»

«መሬቱ ወርዷል፣ ኖንግ።»

«አሁን ገና ማየትሽ ነው? እኔማ ወጥመዴን የማስርበት ካጣሁ ቆየሁ። ይልቅ ያ አሮጊቷ የምትጠላው ጎባጣ ዛፍ ምን በልቶ ነው እንዲህ የለመለመው?»

ይቅርታ ናናይ፣ «አሮጊቷ» ያለዎት እሱ ነው።

አሁን ኑዛዜዬን ይስሙኝ። ያኔ ተከላውን ስንጀምር መስመር ያበላሻሉ ብለው ከባህሩ ዳር የነበሩትን የፓጋትፓት ዛፎች አስቆረጡን። የባካው ዘር ጭቃው ላይ ሰካ ሰካ ማድረግ ነው፤ ፓጋትፓት ግን ችግኝ ማፍላት ይፈልጋል። ቀላሉን መረጥን። ጎባጣውን ፓጋትፓት እንድቆርጥ መጥረቢያውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሮዋና፣ ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት፣ ናናይ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ!»

አልቆረጥኩትም። አባቴ ጀልባውን የሚያስረው እሱ ላይ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እርስዎ ጉልበትዎን ስለሚያምዎት እስከዚያ አይሄዱም፤ በዚያው ተረሳ።

ኖንግ ቴዮ ወስዶ አሳየኝ። ነፋሱ ቅርንጫፉን ሁሉ ገንጥሎታል፣ ከግንዱ ላይ ግን አዲስ ቅጠል ገንፍሎ ወጥቷል። ከስሩ ቆምኩ፤ ጭቃው እንደ ድሮው ጥብቅ ነው፣ እግሬን አልዋጠውም። የቆረጥናቸውን ሳስብ አለቀስኩ። በገዛ እጃችን፣ ናናይ!

በሰኔ ባካው አልተክልም። ይህን ለመንደሩ ሰዎች ብነግራቸው «ናናይ ያዘዙትን?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከእርስዎ አፍ ካልሰሙ እኔን አይሰሙኝም፤ ያንኑ ደግመው ከሰኩ ደግሞ የቀረውም ጭቃ ይሄዳል። ይቆጡኝ፣ ግን ይምጡ። ጎባጣው አፍርቷል፤ ከፍሬው ችግኝ እናፈላለን። ወደቡ ላይ ጀልባ ይዤ እጠብቅዎታለሁ፤ እስከ ዛፉ አዝዬም ቢሆን አደርስዎታለሁ። የመጀመሪያውን ፍሬ እርስዎ ይልቀሙት።

ሁለቴ የዋሸችዎት፣ በአንዱ ብቻ የምትጸጸት ልጅዎ፣
ሮዋና