ጣና ሲሸሽ ለተመረጠው የሥዕል ቤት ቦታ

ለተከበረው የሥዕል ማሳያ ቤት ቦታ መራጭ ኮሚቴ
ባሕር ዳር

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ፣ ወንበራችሁ፣ ይልቁንም ያ ሜትራችሁ እንደምን ሰነበተ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የሰጣችሁን ቦታ ግን ሰጥሟል።

እኔ የሠዓሊው የመሪጌታ ገድሉ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሣሏቸውን ሠላሳ ስምንት ሥዕሎች ለከተማው ልስጥ፣ ብቻ ዓይኔ ሳይጠፋ ተሰቅለው ልያቸው ብለው ካመለከቱ አራት ዓመት ሆናቸው። ሐኪሙ ዓይናቸው ፋሲካን የሚሻገር አይመስለኝም ብሎናል። ሥዕሎቹም ፋሲሎ ባለው ቤታችን አልጋ ሥር እርጥበት እየበላቸው ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

፩. በግንቦት ወር አሥራ አንድ ሆናችሁ በሦስት መኪና ወርዳችሁ፣ ሐይቁ ዳር ለጥ ያለ፣ ባለቤት የሌለው መሬት ስላገኛችሁልን። ባለቤቱስ ጣና ነበር። በበጋ ይሸሻል፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይረከባል፤ ባሕር ሸሽ የምንለውም ለዚሁ ነው።

፪. ዓሣ አጥማጁ ደሞዝ፣ ጌቶቼ፣ እኔ እኮ መስከረም ላይ እዚሁ መረብ እጥላለሁ ብሎ ሲነግራችሁ፣ ያልተማረ ሰው አስተያየት እንደማይሰጥ በትሕትና ስላስረዳችሁት።

፫. ለወሰን የተከላችሁት ችካል ውኃ ውስጥ ገባ ብዬ ስመጣ፣ ቦታው በካርታው ላይ ደረቅ መሆኑን ስላሳያችሁኝ። እውነትም በጣቴ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነው።

፬. ግሽ አባይ ሰፈር ያለውን የከተማውን ባዶ መጋዘን ብጠቁማችሁ፣ ለሥነ ጥበብ አይመጥንም ስላላችሁኝ። አይመጥንም፤ ጣሪያ አለው፣ ጉማሬም አይገባበትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእናንተ ግን አራት ዓመት ተቀምጣችሁ ታጥቃችሁም ተፈታ። ኧረ ተናድጃለሁ፣ ክቡራን! ትናንት አባቴ አንዱን ሥዕል ወደ መስኮት አስጠግተው፣ ይኸ ሰማያዊ ነው ወይስ ጥቁር ብለው እኔን ጠየቁኝ። ቀለሙን የበጠበጡት እርሳቸው ናቸው። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የምለምናችሁ የመጋዘኑን ቁልፍ ብቻ ነው።

ችካላችሁ በደረቅ እንዲቆም፣ ወንበራችሁን ውኃ እንዳይወስደው ዘወትር የምትጸልይላችሁ፣
ወለተ ሥላሴ ገድሉ
ጥቅምት፣ ከፋሲሎ

ሳልረሳው፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ሥዕሉን ያሠራ ሰው ከግርጌው ይሣላል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ ደግሞ በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። አባቴ አሥራ አንዳችሁንም ሜትር እንደያዛችሁ ከመጨረሻው ሥዕላቸው ግርጌ አስገብተዋችኋል፤ የቀረው ፊታችሁ ነው። ቁልፉ ከዘገየ፣ ዓይናቸው የሚችለው ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዓይን ብቻ መሆኑን እንድነግራችሁ አዘውኛል።