ምልክት ያልታተመባቸውን ቆርቆሮዎች ሲፈልጉ የኖሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. ቆርቆሮ ላይ በሚያትም ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው በፊልም ላይ ያለውን ሥዕልና ጽሑፍ በብርሃን ወደ ማተሚያ ፕሌት ማስተላለፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት አለው። በ1969 ዓ.ም. እናታችንን አግብተው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወለዱ። ያኔ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ ይባላል፤ እኛ አልደረስንበትም።

በ1974 ዓ.ም. ለተባይ መርዝ የሚሆን አረንጓዴ ቆርቆሮ ታዘዘ። አባታችን በቀዩ ቀለም ፊልም ላይ ያዩት ጭረት እንዳይታተም ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስተር ለጠፉበት። ፕላስተሩ የራስ ቅሉን ምልክትና «መርዝ» የሚለውንም ጽሑፍ ሸፍኖ ኖሯል። ቀዩ ጠርዝ በደንብ ስለወጣ ማንም ልብ አላለም። ከጠርዙ ሌላ ቆርቆሮው ላይ የቀረው የቅጠል ሥዕል ብቻ ነው። ፋብሪካው ደርሶበት ሲሰበስብ አንድ ካርቶን የገባበት ጠፋ።

ባዶ ቆርቆሮ ደግሞ ማን ይጥላል? ስኳር ይቀመጥበታል፣ ልጅ ውኃ ይጠጣበታል። አባታችን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም። በእንግድነት የሄዱበት ቤት ሁሉ ሰላምታ ሳይጨርሱ ጓዳ ይገባሉ። እናታችን «ኧረ በፈጠረህ፣ በሰው ጓዳ ምን አገባህ? አዋረድከኝ እኮ» ይሏቸው ነበር። ሰፈሩ «ጓዳ ፈታሹ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ እሳቸው ስቀው ቆርቆሮ መገልበጣቸውን ይቀጥላሉ። በቤታችን ሁሉ ነገር የሚቀመጠው በጠርሙስ ነው። ወንድሜ ሆዴን ባለ ቁጥር ፊታቸው አመድ ይመስል ነበር፤ ያንን እያየን እኛም ፈሪዎች ሆነን አደግን።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ኩላሊታቸውን ታመው ሲተኙም ነርሷን የመድኃኒቱን ጽሑፍ ሳያስነብቡ አይውጡም ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ትናንት ጎረቤታችን ስኳር ይዛልን ስትመጣ ቆርቆሮውን ተቀብዬ ሳላስበው ገለበጥኩት። ፍርሃታቸው ወደ እኔ ዞሯል። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ከቀብር ስትመለሱ ጓዳችሁን እዩልን፤ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀይ፣ ቅጠል ያለበት ቆርቆሮ ነው። ካገኛችሁ ልጆቻችሁን አርቁና ንገሩን። እኛም መቃብራቸው ድረስ ሄደን እንነግራቸዋለን።

ፈጣሪ በሕይወት ሳሉ ያጡትን እረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።