በአረጋዊ ራስ ውስጥ የታዩት ነጠብጣቦች

ጥቅምት 4 ቀን 1978
ቀበሌ ሱቅ ዘይት ተሰልፌ አጣሁ። ከወሎ ሰፈር ባዶ ጠርሙሴን ይዤ ስመለስ ባሌ አረጋዊ ወለሉ ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው! አማቴ አደይ ሃረገወይን መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው፣ "ጠበል ውሰጂው እያልኩሽ!" ይሉኛል። ወሰድኩት እኮ! ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ጥቅምት 7
ራጅ ለማንሳት መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ፣ ማኅተሙ እሱ ኪስ ውስጥ። ለመታመምም ማኅተም? ኧረ በስመ አብ!

ጥቅምት 11
ራጁ በስንት መከራ ተነሳ። ዶክተር ኣምለሰት ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችን። ጭንቅላቱ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች... የተበተነ ሩዝ ይመስላል።
"ወይ የቲቢ ነቀርሳ ነው፣ ወይ ከአሳማ የሚመጣ የኮሶ ትል እጭ። እጩ እዚህ አገር ብዙ አይታይም። መድኃኒታቸው ይለያያል። ካርድዎ ላይ ውጭ አገር እንደተማሩ ተጽፏል፤ እዚያ ሳሉ አሳማ በልተው ያውቃሉ?"
አማቴ አማተቡ።
"እኔ? በጭራሽ!" አለ አረጋዊ።
አራት ዓመት ሀንጋሪ ተምሮ! የአሳማ ቋሊማው እንዴት እንደሚናፍቀው ስንቴ ነግሮኝ የለ? እናቱን አፍሮ ነው። እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ምራት ነኛ።
የነቀርሳ መድኃኒት ታዘዘለት።

ጥቅምት 19
ሁለቴ ወደቀ። ምላሱን ነከሰ።
"ብቻህን ሂድና ለዶክተሯ ንገራት" አልኩት።
"ካርዱ ላይ ትጽፈዋለች። ካርድ ክፍል ያለችው ጎረቤታችን ናት፣ ማታውኑ እናቴ ጆሮ ይደርሳል።"
ለሐሜት ብሎ ሊሞትብኝ ነው? ግትር!

ጥቅምት 22
ቀጠሮ። አልቻልኩም። ዶክተሯ "ለውጥ አለ?" ስትል፣ "የለም! ሀንጋሪ አሳማ ሲበላ ነው የኖረው!" ብዬ አፈረጥኩት። አረጋዊ አንገቱን ደፋ።
አደይ ብድግ አሉ። ጥለውን የሚወጡ መሰለኝ። ሄደው ጣታቸውን ካርዱ ላይ አደረጉ።
"ጻፊው ልጄ። በልቷል ብለሽ ጻፊ። ንስሐ አባቱን እኔ አናግራለሁ... የሞተ ሰው ግን ንስሐ አይገባም።"
መድኃኒቱ ተቀየረ። ወጥተን መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ በንዴት ይሁን በምን እንጃ።

ኅዳር 16
ከሃያ ቀን በላይ አልወደቀም። ንስሐ አባቱ በቀን አርባ ስግደት አዘዙበት። ለታመመ ሰው! አደይ "እሱ ይተኛ" ብለው በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ራሳቸው ይሰግዱለታል። ኪኒኑንም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ውኃ ለማቅረብ አምስት ደቂቃ ብዘገይ፣ "ልጄን ልትገድይብኝ ነው?" ብለው ጮኹብኝ።
እኔ ላይ!
ይጩኹ።