መተሐራ ላይ የዘረጋሁት ጃንጥላ

እሑድ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1959 ዓ.ም.

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ዋሽቻለሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ራሴን ነው የነቀነቅሁት። ግን ያው ውሸት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቁልቢ ተመለስን። ጋሼ ታደሰ፣ ልጃቸው ጽጌና እኔ፣ በእሳቸው ሞተር ብስክሌት። ጋሼ ታደሰ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ናቸው። ሞተሯን ከወዳደቀ ብረት ለቃቅመው የገጣጠሟት እሳቸው ናቸው፤ ከጎኗም ጋሪ ቀጥለውላታል። ደርሶ መልስ አምስት ጊዜ ጎማ ተነፈሰብን፣ አንዴ ሰንሰለት ተበጠሰብን። ሰፈሩ ሁሉ “በዚህች ቆርቆሮ እንኳን ቁልቢ ደብረ ዘይትም አይደርሱም” ሲል ነበር። አቃቂ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሕፃናቱ እየሮጡ ተከተሉን፣ እልል ተባለልን።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙኝ። የእኔን ጉልበት!

“ዘኔዬ፣ ስለቴ ገባልኝ?” አሉኝ።

ነቀነቅሁ።

አልገባም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

እማዬ ፊደል አትለይም። ስለዚህ እውነቱን እዚህ ልጻፈው።

የእትዬ በላይነሽ ልጅ ምትኩ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አልሄደም ነበር። ልጁ በእግሩ ከቆመ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብለው ተሳሉ። ልጁ ቆመ፤ አሁን ዶሮ ያባርራል። እሳቸውም ከፈትል ክፍል ደክሟቸው እየተመለሱ ቀዩን ከፋይ በእጃቸው ሰፉት፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አደረጉለት። ስለቱ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ጫማ አላደርግም ብለው ማሉ። ዓመት ሙሉ በባዶ እግራቸው ፋብሪካ ተመላለሱ። ፈቃድ ስላላገኙ ጃንጥላውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። “ጽጌ ወሬ ስታወራ ትጥለዋለች። አንቺ ዝምተኛ ነሽ” አሉኝ።

ስንሄድ ጽጌ ከአባቷ ኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ጋሪው ውስጥ። መተሐራ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጃንጥላው ጉልበቴ መሀል ነው። ትንሽ ብቻ አልኩ። የተጠቀለለበትን ነጠላ ፈታሁና ዘረጋሁት። ሞተር እየበረረ ጃንጥላ እንደማይዘረጋ እንዴት አላሰብኩም? ነፋሱ ገለበጠው። ሽቦዎቹ ወደ ላይ ተቆለመሙ፣ ከፋዩ ተተረተረ። ጋሼ ታደሰ ወደ ፊት ነበር የሚያዩት። ጽጌ አየች።

ለገብርኤል የተሰጠውን ለራሴ አናት።

ቁልቢ ላይ ስለት የሚያስገባው ሰው ብዛት! ተራዬ ሲቃረብ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ እንከን የሌለው ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ይዛለች። የእኔ ስብርብር ያለ ነው። አፈርኩ። ከሰልፉ ወጣሁና ጋሪው ውስጥ ከጆንያው ሥር ደበቅሁት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 25

እትዬ በላይነሽ ዛሬ ጫማ አደረጉ። ጥቁር ነው፣ ማሰሪያ አለው። ለእማዬ ሊያሳዩ መጡ።

“እግሬ ረስቶት እንደ ታሰረች ዶሮ ያስረግጠኛል” ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ቄሱ ሲቀበሉሽ ምን አሉ?”

አንገቴን ደፋሁ። ጽጌ እኛ ቤት ነበረች፤ አፏ አያርፍም። “‘ይሄ ያማረ የማን ነው?’ ብለው ጠየቁ! ስምዎን ነገርናቸዋ!”

እትዬ በላይነሽ አለቀሱ። እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። እንስራው ግን ሙሉ ነበር።

በኋላ ጽጌን ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኋት። “አንቺ ስትለጎሚ ማን ያውራ?” አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 26

ጋሼ ታደሰ ሞተሯን ሲያጥቡ ጃንጥላውን አገኙት። አስጠሩኝ። ሁሉንም የተናገረችው ጽጌ ናት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ባልዲው ላይ ቁጭ አሉ።

“እኔ ደግሞ ደርሰን መጣን እያልኩ ፋብሪካ ሙሉ ስፎክር ሰነበትኩ። ለካ ገና መንገድ ላይ ነን” አሉ።

ከዚህ ጩኸት ይሻለኝ ነበር። ጉጠት አምጥተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አቀኑ። ከፋዩን እኔ ሰፋሁት። ስፌቱ ይታያል።

ጽጌ እጇን አጨበጨበች። “በቃ! ለሐምሌ ገብርኤል እናደርሰዋለን። እስከዚያ ማን ያውቃል?”

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሉኝ ጋሼ ታደሰ።

እኔን ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። “እንጃ” አልኩ። ፈሪ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 27

ቀኑን ሙሉ ጽጌ ያለችውን ሳስብ ዋልኩ። ብናገር እማዬ ታፍራለች። እትዬ በላይነሽ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩም። ዝም ብል ሐምሌ ይመጣል፣ ጃንጥላው ይገባል፣ ሰውም አይጎዳም።

ከሰዓት ምስር ልዋስ ቤታቸው ሄድኩ። አዲሱ ጫማ ተረከዛቸውን ልጦት በጨርቅ አስረውታል።

“ያውልቁታ” አልኳቸው።

“ምን ቆርጦኝ! ገብርኤል ፈቅዶልኝ ያደረግሁትን?” አሉ። “ከነገ ወዲያ ለገና እሱን አድርጌ አስቀድሳለሁ። አንቺም ከጎኔ ትቆሚያለሽ።”

ምስሩን ሳልቀበል ወጣሁ። ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር። ሳያውቁ መሐላቸውን አፍርሰዋል፤ ያስፈረስኳቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ሆነው መቅደስ ደጅ ሊቆሙ ነው።

ነገ የጠዋት ፈረቃ ናቸው። የፋብሪካው ሳይረን ሳይጮህ በራቸው ላይ እገኛለሁ። ጽጌ “ልከተልሽ” ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። እሷ ካለች እሷ ናት የምታወራው።

ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ተለማመድኩ። “እትዬ በላይነሽ፣ ጃንጥላው አልገባም” እስከሚለው ድረስ ደህና ነኝ። “ለራሴ ዘርግቼው ነው” የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠፋ።

ነገ ከሱ ነው የምጀምረው።