ክሩና ካቻቪቴው

ሐሙስ ከሰዓት፣ የካቲት 14

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ያጉረመርማል፣ እናትሽም እንደ ልማዷ አብራው ታጉረመርማለች።

ባለፈው እሁድ ስትደውዪ እናትሽን «አባዬ አሁንም ተቆጥቶኛል እንዴ?» ብለሽ ስትጠይቂያት ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሰማሁሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። መልሱን ግን አስቀድሜ ልስጥሽ፤ አልተቆጣሁም። ለሥራ ብለሽ ርቀሽ የሄድሽ ቀን ሳልሸኝሽ ከአንድ አሮጌ ሞተር ሥር ተኝቼ መዋሌን አልክድም። ያን ጊዜ እውነትም ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣው ግን ሦስት ቀን አልቆየም። ታዲያ በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እናትሽ ታናግርሽ» ብዬ ስልኩን የማቀብለው ለምንድን ነው? እሱን ለመንገር ከነርሷ ሞተር ብስክሌት መጀመር አለብኝ።

ነርሷን ታውቂያታለሽ፤ ገጠር ለገጠር እየዞረች የምታዋልደው የጤና ጣቢያዋ። ሰሞኑን ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዛች። ሻጩ «ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም፤ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው» ብሏታል። እውነቱን ነው፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል አሉ! ጠዋት ሲነሳ ይብስበታል፣ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። «ነገ ወንዝ ማዶ ቀናቸው የደረሰ ሁለት እናቶች ይጠብቁኛል። መንገድ ላይ ቢቆምብኝስ?» አለችኝ።

እኔም ረጅሙን ካቻቪቴ አወጣሁ። ልጅ ሳለሽ ታዪኝ እንደነበረው የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ድምፁ በብረቱ መጥቶ ሕመሙ የቱ ጋ እንዳለ ይነግረኛል፤ ሰፈሩ «የሞተር ሐኪም» ያለኝም በዚሁ ነው። ያን ቀን ግን ካቻቪቴው ምንም አልነገረኝም። ጎኑን ነካሁ፣ አናቱን ነካሁ፣ ጭጭ። መንቀጥቀጡ ለእጄ ይሰማል፤ ለጆሮዬ ግን የለም። ልጄ፣ ነገሩ የአንድ ቀን አይደለም። ጆሮዬ መስነፍ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ፊት ለፊቴ ሆኖ ቀስ ብሎ የሚያወራኝ ሰው ንግግሩ አይጠፋኝም፤ ያመለጠኝን አፉን እያየሁ እሞላዋለሁ። ስልክ ግን አፍ የለውም።

ለነርሷ «አላወቅሁም» ማለት ሞት መሰለኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ፒስተኑ ነው። ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ሳምንት ይፈጃል» አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር እያየሁ መፍቻዬን አነሳሁ።

ቀና ስል እናትሽ በሩ ላይ ቆማለች። በእሷ የልብስ ስፌትና በእኔ ጋራዥ መካከል ያለው ያው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እኔ ያስነሳሁትን ሞተር ሁሉ አብራኝ ስትሰማ ኖራለች። እንደ ሁልጊዜዋ ስፒሎች ነክሳለች፣ እጇ ላይ ቀይ ክር ተጠቅልሏል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ገና ያልጠፋውን ሞተር ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ስፒሎቹን ከጥርሷ አወጣችና፣ አፏን እንዳየው ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሄ ብረት ከብረት ሲጋጭ አይደለም። ትንፋሽ ነው። የሆነ ቦታ ያፈተልካል» አለችኝ።

ወዲያው ቁጢጥ ብላ ክሩን አንጠለጠለችና የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሞተሩ ጋር ወደሚገናኝበት አስጠጋችው። ክሩ ዘለለ። ሞተሩ በመታ ቁጥር ይዘላል። እኔ ያልሰማሁትን ድምፅ በዓይኔ አየሁት። አንዱ ብሎን ላልቶ፣ መሃል ያለችው፣ ትንፋሽ እንዳያፈተልክ የምትዘጋው ቀለበት ተሰብራ ኖሯል። ብረቱ ሲሞቅ እየሰፋ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ድምፁ የሚጠፋውም ለዚያ ነው። አንድ አዲስ ቀለበት ገባ፣ ሁለት ብሎን ጠበቀ፣ አለቀ።

ነርሷ ተገርማ «እማማ፣ እርስዎም መካኒክ ነዎት እንዴ?» ስትላት እናትሽ ምን አለች መሰለሽ? «ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ክር ይዘሽ ነይ ያለኝ እሱ ነው። ሞተር ከመክፈቱ በፊት ሁሌም በክር ነው የሚያረጋግጠው።» ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ ምን ዓይነት ሴት እንዳገባሁ የገባኝ ያኔ ነው። ሙያዋንም አየሁ፣ ሙያዋን ለእኔ ስትሰጠኝም አየሁ። ነርሷ በማግስቱ ወንዙን ተሻግራ ሁለቱንም እናቶች በሰላም አገላገለች።

ብቻችንን ስንሆን «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ጎረቤት ራዲዮኑን ቀንሱልን ማለት ከጀመረ ጀምሮ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄኔ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ፣ ማወቃቸውን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለካ ዳቦ ሻጩ ዋጋውን በጣቱ የሚያሳየኝ ወድዶ አይደለም!

ከዚያ «ካቻቪቴውን በጥርስህ ንከሰው» አለችኝ። ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር። «የምሬን ነው። ስፒል ነክሼ ጎንበስ ስል ጫፉ የስፌት መኪናውን ከነካ፣ ድምፁ በጥርሴ ነው የሚገባው።» እጀታውን ነከስኩ፤ እሷ አንድ ሞተር አስነስታ ጫፉን አስደገፈችው። ልጄ፣ ድምፁ በመንጋጋዬ ገባ! እያንዳንዱ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። እናትሽ እንባዬን ስታይ ክር የምትፈልግ መስላ ዞር አለችልኝ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ድምፁን ለቀቀችው። እኔም ካቻቪቴውን ጠርጌ ጫፉን ስልኩ ላይ አስደገፍኩ፣ እጀታውን ነከስኩ። ከዓመት በኋላ ከአንቺ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «አባዬ» ነው። ቀጥሎ ያ ጥያቄሽ መጣ። መመለስ አቅቶኝ አይደለም፤ አፌን ብከፍት ድምፅሽ ይጠፋብኛል። ስለዚህ እስክትጨርሺ ነክሼ ቆየሁ። መልሴን በወረቀት የላክሁልሽ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስለ እናትሽ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ በአፌ መንገር አልችልበትም፤ እሁድ አንቺ ንገሪያት። ስለ ሥራሽም፣ ስለ ጎረቤቶችሽም፣ ስለምትሳፈሪው አውቶቡስም ሳይቀር አውሪ። ቶሎ አትዝጊ። የእኔ ድምፅ ከጠፋ ተቆጣ አትበዪ፤ እየሰማሁሽ ነው።

የምትረግጪው ሁሉ ይቅናሽ፤ በወጣሽበት ደግ ሰው አያሳጣሽ።

ካቻቪቴ ነካሹ አባትሽ