የጣቢያው መስኮት ስብርባሪ

ይድረስ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ታማርሪያለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አክስታችንስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። አገባህ ወይ ብለሽ እንዳትጨቀጭቂኝ ከወዲሁ ልንገርሽ፤ አላገባሁም።

እዚህ ብጥብጡ ከተነሣ ስድስት ዓመት ሞላው። ያኔ ነገሩን በደንብ አልጻፍኩልሽም። መናኸሪያው አካባቢ ተሸካሚዎችን በጥፊ ማጮል ለፖሊሶቹ የዕለት ሥራ ነበር፤ አቤት ቢባልም ሰሚ አልተገኘም። አንድ ቀን ጋሪህ መንገድ ዘጋ ብለው አንዱን ደበደቡት፣ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ቆመ። ተኩስ ተከፈተ፤ ከዚያ ከተማው ሦስት ቀን ነደደ። ፖሊስ፣ የተኮስነው መጀመሪያ በድንጋይ መስኮታችን ስለተሰበረ ነው አለ። ወርዋሪው አንተ ነህ ተብሎ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሠራው ልብስ ሰፊ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ያንን መስኮት መልሼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከውጭ በድንጋይ የተመታ መስታወት ስብርባሪው ወደ ክፍሉ ነው የሚገባው። እኔ ስደርስ ክፍሉ ውስጥ አንድ ስባሪ አልነበረም፤ ሁሉም ደጅ፣ በረንዳው ላይ ፈስሷል። ከውስጥ ሆኖ በሰደፍ የሰበረው ተኳሹ ራሱ ነው ማለት ነው። በኛ ሙያ ሳይጠርጉ አይለካምና፣ እጄ እንደለመደው ጠራርጌ በጆንያ ሞልቼ ጣልኩት። ምን እንደጠረግሁ የገባኝ አዲሱን መስታወት ገጥሜ ስጨርስ ነው። ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ እታለም።

ዛሬ ባለሱቆቹ መስታወቱን ትተው የብረት መዝጊያ አስገጥመዋል፤ የኔም ሥራ ቀዝቅዟል። ያኔ ያልተወለዱ ሕፃናት እንኳ የፖሊስ መኪና ሲያዩ ጨዋታቸውን ጥለው ቤት ይገባሉ። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

ከአምስት ወር በፊት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ያየ ይናገር ተባለ። ሄጄ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ እስከዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቁኝ። «የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አልኩ። ውሸቴን ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት ባሏ በታሰረ ሳምንት ሱቄ መጥታ፣ እዚያ ስትሠራ ያየኸው ነገር የለም ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ ምንም የለም ብዬ ሸኝቻታለሁ። ለኮሚቴው ስዋሽ እሷ ከኋላዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስጨርስ ተነሥታ ቀድማኝ ወጣች።

በማግስቱ አላስችል ብሎኝ ቤቷ ሄድኩ፤ ቃሌን አስተካክላለሁ አልኳት። የባሏን ስፌት መኪና ዘይት እየቀባች ነበር። ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ተወው። የሚወጣው ባንተ ቃል ነው። ውሸታም ከተባልክ ማን ያምንሃል? እሱ ሲወጣ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»

ትናንት ተፈታ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተሻማ ሲያቅፈው ሱቄ ውስጥ ቆሜ አየሁ። መንገዱን አልተሻገርኩም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ትልቋ ደብዳቤ መጻፍ ከቻለች ትጻፍልኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝና ደህና ነው በያት፤ ሌላውን አትንገሪያት።

ወንድምሽ
ከሱቄ የኋላ ክፍል፣ ግንቦት ፱ ቀን