አባቱን ማን ይቆጣል

ለእናቴ፣

እማ፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው? እዚያ ኑክ ከተማ በየካቲት ዝናብ ነው አሉ፤ ጉድ ነው። እኛ ደህና ነን፣ ውሾቹም አሉ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ትምህርት ስላቋረጠች ነው ብለሽ እንዳትጀምሪኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። ውሾቹን ለአጎትሽ ተዪና በፋሲካው አውሮፕላን ነይ አልሽኝ። ስልኩን የዘጋሁብሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም።

ዘንድሮ ባሕሩ እስከ ገና በረዶ ሆኖ አልረጋም። አንቺ ልጅ ሆነሽ በጥቅምት በውሻ ጋሪ ትሮጪበት በነበረው ቦታ ላይ ማዕበል ሲመታ ከረመ። ጥርሳሞቹ የባሕር አውሬዎች፣ ዋልረሶቹ፣ የሚያርፉበት በረዶ ሲያጡ ርቀው ሄዱ። ድቡ ደግሞ ሰፈር ገብቶ ቆሻሻችንን ሲበላ አየሁት፤ ቆዳው ከመላላቱ የተነሣ የሰው ካፖርት የተዋሰ ይመስላል። በረዶ ከሌለ አደን የለም፣ አደን ከሌለ ውሾቹ ምን ይበላሉ? አጎቴ ኢኑቴቅ አንድ ጠዋት ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። በረሃብ ከሚያልቁ እኔው ልገላግላቸው፣ ከእንግዲህ በጀልባ ዓሣ አጠምዳለሁ አለ።

ውሾቹ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ዞር በይ አለኝ። ማንን ነው ዞር በይ የምትለው አልኩት። እማ፣ ጥፋቱ የናንተ ነው። አያቴን፣ አባታችሁን፣ ባሕሩ በወሰደው በወሩ ስወለድ እሱ ተመልሶ መጣ ብላችሁ ስሙን ለኔ ሰጣችሁ፤ ይኸው አንቺም አባባ ትይኛለሽ፣ እሱም አባባ ይለኛል። ትንሽ ሆኜ ስኳር ስሰርቅ እንኳ አባቱን ማን ይቆጣል እያለ ያልፈኝ ነበር። እና አባትህ ነኝ አልኩት፤ የነዚህን ዘር ያረባሁት እኔ ነኝ፣ አንተንም በነሱ ጉልበት ነው ያበላሁህ፣ ልጄ፣ ጠመንጃውን አስቀምጥ። አንቺ ምላሳም፣ አባቴ እንዲህ አይለፈልፍም ነበር አለ። ሞቼ ነው የተሻሻልኩት አልኩት። ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። እሺ፣ ሥጋ ካመጣሽላቸው ይኑሩ፣ ባዶ እጅሽን ከተመለስሽ ግን አባትም ብትሆኚ አልሰማሽም አለኝ።

ጋሪውን ጭኜ ለአደን ሄድኩ። ጥቁሩን አዲስ በረዶ በመፈተሻው ብረት ወጋሁት፤ ብረቱ በመጀመሪያው ምት አልበሳውም። ይሸከመናል ብዬ አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድን መሪዋ ውሻ ሳሊክ ተኛችብኝ። ጮህኩባት፣ ሰደብኳት፣ ፍንክች አላለችም። አንቺ ፈሪ ብዬ ልጎትታት ከጋሪው ወርጄ ከፊቷ ስሄድ በረዶው ከእግሬ ሥር ከዳኝ። የመጎተቻው ገመድ ቀኝ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሳሊክ ወደ ኋላ ዞረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ በገመዱ ሳቡኝ። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፣ ታለቅሻለሽ። ይኸው እየጻፍኩልሽ አይደል? በቃ።

ሥጋ አላመጣሁም። ጋሪው ላይ የነበረው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎቴ ግን ጠመንጃውን አልነካም። ባሕሩ አባቴን አንዴ ወስዶብኛል፣ ሁለተኛ ሊወስደው ሲል የከለከሉት እነዚህ ናቸው አለ። አሁን በጀልባው ከሚያጠምደው ዓሣ ለኛ ከመቀነሱ በፊት ለነሱ ይቆርጣል። ለሳሊክ ደግሞ የዓሣውን ጭንቅላት ይሰጣታል፤ ለሰው ሲሆን አይሰጥም ነበር።

ስለዚህ አልመጣም፣ እማ። በረዶው መሄድ ከፈለገ ይሂድ። እኔን ግን ማንም አያስነሣኝም፣ በረዶውም፣ አውሮፕላኑም፣ አንቺም። ልትቆጪኝ ካሰብሽ አባትሽን እየተቆጣሽ መሆኑን አትርሺ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እጅሽ ስፌት ያውቃልና የቆዳ ጓንት ስፊልኝ። የግራውን እንደ ድሮው። የቀኙን አጠር አድርጊው፤ የአውራ ጣቱ ቤት ግን ይኑር፣ እሱ ደህና ነው።

እንደ አባት ልመርቅሽ፤ ወገብሽ ይጽና፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ ከእግርሽ ሥር ያለው ሁሉ ይርጋልሽ።

አባትሽም ልጅሽም